በሴቷ ድምፅ የሚጠራው ኮርማ፦ የሙስ አደን፣ የጥሪው ጥበብና ያስነሳው ክርክር

መስከረም ሲጋመስ በሰሜን አሜሪካ ደኖች የዛፎቹ ቅጠል ይቀላል፤ የሌሊቱ ውርጭም የሐይቆቹን ዳርቻ ሣር ያነጣዋል። በዚያ ሰሞን ንጋት ላይ አንድ ድምፅ ይሰማል። ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ እየጎላና እየተሳበ ከፍ ይላል፤ ከዚያም ሕመም እንደበረታበት ሰው እያቃሰተ ይወርዳል። ለማያውቀው ጥጃዋ የጠፋባት ላም ትመስለዋለች። ለሚያውቀው ግን ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ እንስት ሙስ ወንድ እየጠራች ነው፤ ወይም ከቁጥቋጦ ሥር ያደፈጠ አዳኝ እሷን መስሎ እየተጣራ ነው።

አዳኞች በአጭሩ "ጥሪ" የሚሉት ይህ ስልት ከጠመንጃ እጅግ የቀደመ ነው። የካናዳና የሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች በቀስትና በጦር ዘመን ተጠቅመውበታል። ዛሬም በሜይን፣ በኒው ብረንስዊክ፣ በኒውፋውንድላንድና በአላስካ ለበረዶው ወራት ሥጋ የሚያከማቹ ቤተሰቦች ይጠቀሙበታል። ከአንድ ትልቅ ኮርማ ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ሥጋ ይገኛል፤ ሱቅ በራቀበት የሰሜን መንደር ይህ የአንድ ቤተሰብ የብዙ ወራት ቀለብ ነው። ይሁንና ጥሪው የሚሠራው ሙሱ ዘሩን ለመተካት በሚገናኝባቸው ጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ማን ይጥራ፣ መቼ ይጥራ፣ በምን ይጥራ የሚሉት ጥያቄዎች የአዳኞች ጨዋታ ብቻ መሆናቸው ቀርቶ የሕግ አውጪዎችና የተመራማሪዎች ጉዳይ ከሆኑ ቆይተዋል።

ብቸኛው ግዙፍ

ሙስ ፈረንጆች "ዲር" ብለው ከሚጠሩት የእንስሳት ቤተሰብ በአካል ትልቁ ነው። የአላስካ ኮርማ ትከሻው ላይ ሲለካ ቁመቱ ወደ 2 ሜትር ይጠጋል፤ ክብደቱም ከ600 ኪሎ ግራም የሚያልፍበት ጊዜ አለ። እግሮቹ ረጃጅም ናቸው፤ አፍንጫው ወደ ታች የተቆለመመ ነው፤ ከጉሮሮው ሥርም ጢም የመሰለ ቆዳ ይንጠለጠላል። ቀንዱ እንደተዘረጋ መዳፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ከዳሩ ላይ ጣት መሳይ ሹሎች ይወጡበታል፤ በትልልቆቹ ኮርማዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.8 ሜትር ሊደርስ ይችላል። እኛ አገር አጋዘን የምንለው ባለ ጠምዛዛ ቀንድ እንስሳ ቀንዱን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። የሙስ ቀንድ ግን በየዓመቱ ከስሪያው ወራት በኋላ ይረግፋል፤ በጸደይ ደግሞ እንደ አዲስ ይበቅላል።

ስሙ የአልጎንኪን ቋንቋዎችን ከሚናገሩ ነባር ሕዝቦች የተወሰደ ነው። እንስሳው ግን የአሜሪካ ብቻ አይደለም፤ በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በፊንላንድና በሩሲያ ደኖችም ይገኛል። በስካንዲኔቪያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን አብዛኞቹ ሥጋውን ባይቀምሱ እንኳ ከአውራ ጎዳና ዳር በተተከለው የማስጠንቀቂያ ምልክት ላይ ምስሉን ሳያዩት አይቀሩም። በሌሊት ከመኪና ጋር ሲጋጭ የሹፌሩን ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል እንስሳ ነውና ምልክቱ ለጌጥ አልቆመም።

ሙስ እንደ በሬ ወይም እንደ ጎሽ በመንጋ አይኖርም። ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በሰፊ ደንና ረግረግ ውስጥ ብቻውን ይሰማራል፤ እናት ከጥጃዋ ጋር ካልሆነች በቀር ጓደኛ የላትም። የስሪያው ወቅት ከመስከረም መጀመሪያ ጀምሮ እየጋለ ይሄድና ከመስቀል በዓል አካባቢ እስከ ወሩ መጨረሻ ባለው ጊዜ ይጦፋል። የሚቀሰቅሰው ብርዱ ሳይሆን የቀኑ ማጠር ነው። ኮርማው በዚያን ሰሞን ምግብ ይተዋል ማለት ይቻላል። መሬቱን በኮቴው እየቆፈረ ጉድጓድ ያበጃል፤ በውስጡ ይሸናል፤ ከዚያም ይንከባለልበታል። ሽታው ለሰው የሚከረፋ ቢሆንም እንስቶቹን ወደ ጉድጓዱ ይስባል።

እንስቷ ለወንድ ዝግጁ ሆና የምትቆየው አንድ ቀን ገደማ ብቻ ነው። በዚያ ቀን ካልፀነሰች ቀጣዩ ዕድል ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይርቃል። እርግዝናው 8 ወር ያህል ይወስዳል፤ በጊዜው የተፀነሰ ጥጃ ግንቦት ላይ፣ ለምለሙ ቅጠል በሚወጣበት ወቅት ይወለዳል። የዘገየው ግን ገና ሳይጠነክር በረዶው ይደርስበታል። ስለዚህ ተበታትነው የሚኖሩት እንስሳት በጥቂት ቀናት ውስጥ መፈላለግና መገናኘት አለባቸው። ጫካው ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ዓይን ብዙም አይረዳም፤ የሚያገናኛቸው ሽታና ድምፅ ነው።

እንስቷ ስትጮኽ ምን እያለች ነው?

አዳኞች የእንስቷን ጩኸት ለረዥም ጊዜ "ና" የሚል ቀላል ግብዣ አድርገው ተረድተውት ነበር። በአላስካው የዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ ተካሂዶ በአውሮፓውያኑ 2011 የታተመ ጥናት ግን ነገሩ ከዚያ የረቀቀ መሆኑን አሳይቷል። ተመራማሪዎቹ የተከታተሉት ወንዱ እየተጠጋ ሲያስቸግራት እንስቷ የምታሰማውን የተቃውሞ ማቃሰት ነበር። ይህን ድምፅ ትንንሾቹ ወንዶች ሲቀርቧት አብዝታ ታሰማለች፤ ትልልቆቹ ሲመጡ ግን ትቀንሳለች። ጩኸቷን ተከትሎም በወንዶቹ መካከል ጠብ ይበረታል። በሌላ አነጋገር ደካማው ሲደፍራት ድምፅዋን አሰምታ ብርቱውን ትጠራበታለች፤ ማን እንደሚያሸንፍም ራሷ ትመለከታለች።

አዳኙ በሴት ድምፅ ሲጣራ እጁን የሚያስገባው እዚህ ጨዋታ ውስጥ ነው። ጥሪውን የሰማው ኮርማ የሚመጣው እንስት አለች ብሎ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ወንድ ሳይቀድመኝ ብሎም ነው። ብልህ ጠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ የእንስቷን ረዥም ማቃሰት አሰምተው ጥቂት ይቆዩና የኮርማውን ድምፅ ይጨምሩበታል። የኮርማው ድምፅ ከግዝፈቱ ጋር ሲተያይ የሚያስቅ ነው፤ እንደ ስቅታ አጭር ሆኖ ከጉሮሮ የሚወጣ፣ በየጥቂት ሰከንዱ ከእርምጃው ጋር የሚደጋገም ጉርምርምታ ነው። ሦስተኛው ድምፅ ከአፍ አይወጣም። ኮርማ ጉልበቱን ለማሳየት ቀንዱን ከቁጥቋጦና ከዛፍ ግንድ ጋር ሲያፋትግ የሚሰማው መፋቅና መንቋቋት ነው።

የሚሰማው ጆሮም የዋዛ አይደለም። በካናዳ የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ቡቤኒክ ከፒተር ቡቤኒክ ጋር ሆኖ በ2008 ባሳተመው ጥናት ከአንድ ትልቅ ሙስ ቀንድ አጠገብ ሰው ሠራሽ ጆሮ አስቀምጦ ድምፅ ለካ። ጆሮው ወደ ቀንዱ ጠፍጣፋ መዳፍ ሲዞር የሚደርሰው የድምፅ ግፊት በ19 በመቶ ጨመረ። ቀንዱ የጦር መሣሪያ ብቻ ሳይሆን እንደ ሳተላይት ሳህን ድምፅ ሰብስቦ ወደ ጆሮ የሚመልስም ነው ማለት ነው። ልምድ ያላቸው አዳኞች ኮርማው ከሩቅ የሰማትን አንዲት ጥሪ ይዞ የተጠራበትን ቦታ በእርምጃዎች ልዩነት ሲያገኘው መደነቃቸው ያለ ነገር አልነበረም።

ከቅርፊት የተጠቀለለ ጥሩምባ

የሚክማቅ፣ የፔኖብስኮት፣ የክሪና የአኒሺናቤ ሕዝቦች ለጥሪው የሚጠቀሙት በርች ከሚባለው ነጭ ዛፍ ቅርፊት የተሠራ ጥሩምባ ነው። ቅርፊቱ ወረቀት ያህል ስለሚታዘዝ እንደ ፈንዲሻ ቆርቆሮ ሾጠጥ ተደርጎ ይጠቀለላል፤ በዚያው ዛፍ ልጥ ይታሰራል። ድምፁን የሚያወጣው የሰውየው ጉሮሮ ነው፤ ጥሩምባው ያጎላዋል፣ ያወፍረዋል፣ ወደሚፈለገውም አቅጣጫ ይልከዋል። አሜሪካዊው ጸሐፊ ሄንሪ ዴቪድ ቶሮ በ1853 ወደ ሜይን ደኖች ሲጓዝ መንገድ መሪው የነበረው የፔኖብስኮቱ ተወላጅ ጆ አቲየን እንዲህ ያለ ጥሩምባ ይዞ ነበር፤ ጸሐፊውም ርዝመቱንና የአፉን ስፋት ሳይቀር መዝግቦታል። ቶሮ አደኑን ሊያይ ሄዶ ሙሷ ተገድላ ስትገፈፍ ባየ ጊዜ ልቡ ተረበሸ፤ በጉዞ ማስታወሻውም ላይ ቅሬታውን በሰፊው ጽፏል።

አንዳንዱ ብልሃት ለጆሮ ቀላል ቢመስልም ከብዙ ዘመን ትዝብት የመጣ ነው። ሐይቅ ዳር የተቀመጠው ጠሪ ጥሩምባውን ውኃ ይሞላና ከፍ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ ሐይቁ ያንቆረቁረዋል፤ እንስት ሙስ ውኃ ውስጥ ቆማ ስትሸና የሚሰማውን ድምፅ ለመምሰል ነው። በአላስካ የአታባስካን ተናጋሪ ሕዝቦች የደረቀ የሙስ ትከሻ አጥንት ይዘው ቁጥቋጦውን ይፍቁበታል፤ ጠፍጣፋው አጥንት እንደ ቀንድ ያስተጋባል። ዛሬ ብዙዎች አጥንቱን በታንኳ መቅዘፊያ ወይም በተቆረጠ የፕላስቲክ ጀሪካን ተክተውታል። ያማረ ባይሆንም ሥራውን ይሠራል።

ከድምፁ ይልቅ አስቸጋሪው ዝምታው ነው። ጀማሪ ጠሪ መልስ ሲያጣ ደጋግሞ ይጣራል፤ የእውነተኛዋ እንስት ጩኸት ግን እንዲህ አይበዛም። ነባሮቹ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተጣርተው ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ሳይነቃነቁ ይጠብቃሉ። ኮርማው አንዳንዴ እየጮኸና ቅርንጫፍ እየሰበረ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ግን ያን ሁሉ አካልና ያን ሰፊ ቀንድ ይዞ አንዲት ጭራሮ ሳይሰብር በሠላሳ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ይገኛል። በስሪያ ወቅት ቁጡ ስለሆነ የተጠራው ኮርማ በጠሪው ላይ ሊወረወር ይችላል፤ ጥሪውን ሰምቶ ድብ የሚመጣበት ጊዜም አለ።

ነፋስም አለ። ሙስ በጆሮው የሰማውን በአፍንጫው ሳያረጋግጥ አይቀርብም፤ ወደ ጥሪው ሲቃረብ ዞር ብሎ ነፋሱ ከጠሪው ወደ እርሱ በሚነፍስበት በኩል ይመጣል። የሰው ሽታ ከሸተተው ነገሩ ያበቃል። ለዚህም ሲባል ሁለት ሆነው የሚያድኑ ሰዎች ጠሪውን ወደ ኋላ አርቀው ተኳሹን ኮርማው በሚዞርበት መንገድ ላይ ያስቀምጣሉ። ንጋት የሚመረጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አየሩ ጸጥ ይላል፣ ከመሬት አጠገብ ያለው አየርም ከላይኛው ይልቅ ይቀዘቅዛል። ድምፅ ወደ ቀዝቃዛው አየር ስለሚታጠፍ ወደ ሰማይ ከመበተን ይልቅ የመሬቱንና የሐይቁን ገጽ ተከትሎ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ጠዋት የእንስቷ ጥሪ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሊሰማ ይችላል፤ ፀሐይ ሞቅ ብላ ነፋስ ሲነሣ ግን ርቀቱ በብዙ ያጥራል።

ሌላ ዓይነት ጥሪ፦ ቦረናና የማር ወፏ

ሰው የዱር እንስሳን በድምፅ የሚጠራው ለማታለል ብቻ እንዳልሆነ የምሥራቅ አፍሪካ አንባቢ ከቅርብ ያውቃል። የቦረና ማር ቆራጮች ወደ ንብ ቀፎ የምትመራውን ወፍ የሚጠሩት "ፉሊዶ" በሚባል ኃይለኛ ፉጨት ነው፤ የተጨበጠ እጅ፣ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ወይም የተፈለፈለ የዘንባባ ፍሬ ይነፉበታል። ሁሴን አዳን ኢሳቅና ሃይንስ ኡልሪሽ ራየር በሰሜን ኬንያ አጥንተው በ1989 እንዳሳተሙት፣ ቦረናዎች በማያውቁት አገር ያለ ወፏ አንድ ቀፎ ለማግኘት በአማካይ 8.9 ሰዓት ይፈጅባቸው ነበር፤ ከወፏ ጋር ግን 3.2 ሰዓት በቃ። ሰውየው ማሩን ይወስዳል፣ ወፏ ሰሙንና እጩን ትበላለች። ይህኛው ጥሪ የውል ጥሪ ነው። የሙሱ ግን ከመነሻው ማታለል ነው፤ ድምፁን ሰምቶ የመጣው አካል ምንም አያገኝም። ልዩነቱ የሥነ ምግባር ወግ ብቻ አይደለም፤ የሙስ ጥሪ ገደብ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ የሚያስረዳም ነው።

ገደቡ የት ይሁን?

የመጀመሪያው ገደብ መሣሪያውን ይመለከታል። በ1979 በበርን የተፈረመው የአውሮፓ የዱር እንስሳት ጥበቃ ስምምነት ከተከለከሉ የአደን መንገዶች መካከል የድምፅ መቅረጫን ይጠቅሳል። በሰሜን አሜሪካም የተቀዳ ድምፅ በማጉያ ማጫወትን የሚከለክሉ ሕጎች በየቦታው አሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ በጉሮሮው የሚጣራ ሰው ይደክማል፣ ይሳሳታል፣ እንስሳውም ያን ስሕተት ሰምቶ የሚያመልጥበት ዕድል ያገኛል። ማሽን ግን አይደክምም።

ከበድ ያለው ጥያቄ ግን የጊዜው ነው፤ እያንዳንዱም አገር የየራሱን መልስ ሰጥቷል። የሜይን ግዛት የሙሶቹ ቁጥር በመመናመኑ በ1930ዎቹ አደኑን ዘግታ ነበር። በ1980 ዳግም ስትከፍት 700 ፈቃዶች ብቻ በዕጣ አደለች። ዛሬ በዓመት ወደ 4,000 ገደማ ፈቃድ ይሰጣል፤ አመልካቹ ግን በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። አደኑ የሚከፈተው ጥሪው በሚሠራበት በሴፕቴምበር መጨረሻ ስለሆነ ግዛቲቱ ጥሪውን ሳትከለክል የጠሪዎቹን ቁጥር ወስናለች ማለት ነው። በብዙ የመካከለኛው አላስካ አካባቢዎች ደግሞ አጠቃላዩ የኮርማ አደን ወቅት ስሪያው ከመጦፉ በፊት፣ ሴፕቴምበር ሳያልቅ ይዘጋል፤ በስሪያ ላይ ያለ ኮርማ ሥጋው ስለሚሸት ለቀለብ የሚያድነው ሰው በዚህ ብዙም አይከፋም። በሰሜን ስዊድን ለረዥም ዓመታት የተለመደው ሌላ ነው፤ አደኑ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ይከፈትና ስሪያው ሲደርስ ለሁለት ሳምንት ያህል ይቋረጣል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና ይቀጥላል። እዚያ አደኑ በአመዛኙ የሚካሄደው በጥሪ ሳይሆን በሠለጠኑ ውሾች ስለሆነ መቋረጡ አዳኙን እምብዛም አይጎዳውም።

ከሦስቱ የስዊድኑ መልስ ለእንስሳው የተሻለ ይመስላል፤ ለዚህ የሚያበቃ ማስረጃም አለ። በሰሜን ኖርዌይ በቬጋ ደሴት ተመራማሪዎች የሙሶቹን የጾታና የዕድሜ ስብጥር በአደን ሆን ብለው ለውጠው ነበር። ጎልማሳ ወንዶች እያነሱ ሲሄዱ ጥጆቹ የሚወለዱበት ቀን ዘገየ። እንስቶቹ ሳይፀንሱ ቀርተው አልነበረም፤ ዘግይተው ፀነሱ። በሰሜን ደግሞ መዘግየት ማለት ትንሽ አካል ይዞ በረዶውን መጋፈጥ ማለት ነው። ጥሪው በብዛት የሚያመጣውና አዳኙ ለቀንዱ ሲል የሚመኘው ደግሞ ያው ጎልማሳው ኮርማ ነው።

ክርክሩ በኩቤክ ወደ አደባባይ ወጥቶ ነበር። በ2020 የአልጎንኪን አኒሺናቤ ማኅበረሰቦች የሙሶቹ ቁጥር እየቀነሰ ነው በማለት የመዝናኛ አዳኞች ወደ ላ ቬራንድሪ የዱር እንስሳት ጥብቅ ክልል የሚገቡባቸውን መንገዶች ዘጉ። በቀጣዩ ዓመት የኩቤክ መንግሥት በክልሉ ውስጥ ለመዝናኛ የሚደረገውን የሙስ አደን ለሁለት ዓመት አገደ። ማኅበረሰቦቹ አደንን አልተቃወሙም፤ ራሳቸው የጥሪው ባለቤቶች ናቸው። የተቃወሙት ለምግብ የሚጣራውና ለቀንድ የሚጣራው ሰው በአንድ ሐይቅ ዳር በእኩል መብት መቀመጣቸውን ነበር።

በሜይንና በኒው ሃምፕሻየር ግን የሙሱ ዋነኛ ጠላት አዳኙ አይደለም። የበረዶው ወራት መዥገር የሚባለው ተባይ በአንድ እንስሳ ላይ በአሥር ሺዎች ሆኖ ደሙን ይመጥጣል። ክፉ ዓመት ሲመጣ ተመራማሪዎች የመከታተያ አንገትጌ ካሰሩላቸው ጥጆች ከግማሽ የሚበልጡት በረዶው ሳይቀልጥ ወይም እየቀለጠ ሳለ ያልቃሉ። የበልጉ ሙቀት ሲራዘምና በረዶው ሲዘገይ መዥገሩ እንስሳ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ይረዝማል። ሜይን ከ2021 ጀምሮ በሰሜናዊው ክፍሏ በአንድ አካባቢ ተጨማሪ የእንስት ፈቃድ በመስጠት ሙከራ ይዛለች፤ ሐሳቡ ሙሶቹ ሲሳሱ መዥገሩም የሚሰፍርበትን ያጣል የሚል ነው። እንስሳውን ለማዳን እንስሳውን መግደል ለጆሮ ቢከብድም፣ የግዛቲቱ ባለሙያዎች ውጤቱን ለመለካት በአንገትጌ እየተከታተሉት ነው።

ሙቀቱ ጥሪውንም እየነካው ነው። ሙስ ለብርድ የተፈጠረ ነው፤ በበጋ ከ14 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሆን መጨነቅ እንደሚጀምር፣ የበረዶ ወራት ፀጉሩን ለብሶ ደግሞ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ እንኳ እንደሚሞቀው በካናዳ በ1980ዎቹ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ስሪያው በቀኑ ርዝመት ስለሚመራ ሴፕቴምበር ሞቀም ቀዘቀዘ ጊዜውን አይለውጥም። የሚለወጠው ሰዓቱ ነው፦ ቀኑ ሲሞቅ ኮርማው ጥላና ረግረግ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ የሚንቀሳቀሰውና ለጥሪ የሚመልሰው ሌሊት ይሆናል። ሕጉ ደግሞ መተኮስ የሚፈቅደው በቀን ብርሃን ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ሳምንት ዕጣ የወጣለት አዳኝ ድንኳኑ ውስጥ ተጋድሞ ኮርማው ከሐይቁ ማዶ ሲያጓራ ያዳምጣል፤ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባውን አንሥቶ ይጣራል፤ ከወዲያ በኩል ግን መልስ አይመጣም።